ቀድሞ የተሸጠ ብርድ

ቤተሰቡ የሚጠራት ደመና ብሎ ነው። አየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የተቀጠረች ሰሞን ታላቅ እህቷ ለቀልድ ያወጣችላት ስም ተጣብቆባት ቀረ። እናቷ እንኳ ስልክ ስታነሳ «ደመናዬ ነሽ?» ነው የምትለው።

ሥራዋ የሦስት ቀን ትንበያ መጻፍ ነበር። አገሩ ሰፊ ነው። በብርድ ወራት የደቡብ ጠረፍ ሰው በሸሚዝ ሲንሸራሸር፣ የሰሜኑ ሰው ደጁን በአካፋ ቆፍሮ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ይህን ሁሉ አገር አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበረባት፤ የት በረዶ እንደሚጥል፣ የቱ መንገድ እንደሚዘጋ፣ የት ከተማ ቧንቧ እንደሚፈነዳ። ሥራዋን ትወዳለች። «በመጠኑ» ይባል «በከፊል» ይባል በሚል ከባልደረባዋ ጋር ግማሽ ቀን ትከራከራለች።

ባልደረባዋ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው። ሻዩን ያለ ፔርሙዝ ስለማይጠጣና ፔርሙዙን መጸዳጃ ቤት ድረስ ይዞት ስለሚሄድ ሁሉም ሰው ፔርሙዝ ይለዋል። እሱም በዚያው ስም አቤት ይላል።

ኃላፊያቸው ደግሞ ጥፍሩን ካርታ ላይ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ሥራ ሲነገረው መቁረጫውን ከኪሱ ያወጣና ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ያዳምጣል። የጥፍሩ ስባሪ የሰሜኑ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ እፍ ብሎ ወደ ምሥራቁ ተራሮች ይገፋዋል። ደመና ካርታውን ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ በሶፍት ትጠርገዋለች።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር ውል ነበረው። ትንበያው ማታ በዚያ ጣቢያ ሳይነገር ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ጠዋት ተጽፎ ያለቀው ወረቀት እስኪመሽ መሳቢያ ውስጥ ይውላል። ማታ ጸጉሯ እንደ ኬክ የተሠራላት አቅራቢ እየሳቀች ታነበዋለች፤ አገሩም ያን ጊዜ ይሰማል። ደመና በዚህ ነገር ብትናደድም ለምዳው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከሰሜን የሚመጣ ብርድ አየች። እንዲህ ያለውን ብርድ ሳታየው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ወረቀቱን ጽፋ ስትጨርስ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና እህቷ ጋ ደወለች። እናታቸው ብቻዋን የምትኖረው በሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የእህቷ ባል ደግሞ የማሞቂያ ጋዝ ነጋዴ ነው፤ በየከተማው መጋዘን፣ በየመንገዱ መኪና አለው።

«እትዬ፣ ለእማዬ ጋዝ ይላክላት። ሰሜኑ ከነገ ጀምሮ በብርድ ድርቅ ነው የሚለው።»

«እሺ የኔ ደመና፣ አሁኑኑ እነግረዋለሁ» አለች እህቷ።

ይህን በየብርዱ ታደርገዋለች። ለእናት ማሰብ እንጂ ሌላ ነገር ነው ብላ አስባው አታውቅም።

ብርዱ ልክ እንደጻፈችው መጣ። ወንዞች ረጉ፣ የሰሜኑ ባቡር ቆመ። ኃላፊው ከላይ ተመሰገነና ለሁሉም ብስኩት ገዛ። ደመናም ደስ ብሏት እናቷ ጋ ደወለች።

«ሞቀሽ እማ? ጋዙ ደረሰልሽ?»

«ደርሷል፣ ደርሷል። አልጋዬ ሥር ሁሉ ሲሊንደር ነው» አለች እናቷ። ድምፅዋ ግን ቅዝዝ ብሏል። «ልብስ ሰፊው እኔ ጋ ነው ያለው።»

«የቱ ልብስ ሰፊ?»

«ጎረቤቴ ነዋ! የትምህርት ቤት ልብስሽን የሰፋልሽ። ማሞቂያው ባዶ ሆነበትና ጨርቅ የሚቆርጥበትን ጠረጴዛ በመጋዝ ቆራርጦ አነደደው። ጠረጴዛው ሲያልቅ ሣጥኑን ጀመረ። ጢሱን አይቼ ብሄድ፣ ሽማግሌው ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ሣጥን ሲመትር አገኘሁት። ጎትቼ አመጣሁት።»

«ጋዝ ለምን አልገዛም?»

«ከየት ይግዛ? መጋዘኑ ዝግ ነው። ‹አልቋል› ይላሉ። ደግሞ ከፈት ሲያደርጉት ዋጋው አይቀመስም። እኔ ግን ሹፌሩን አይቼዋለሁ ልጄ። ለእኔ አውርዶ ሲሄድ መኪናው ጢም ብሎ ነበር። ሰዉ ተሰልፎ እያየ ነው ያወረደልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ባለ ሱቋ ሰላምታ ነሥታኛለች። አልፈርድባትም።»

ደመና ስልኩን ዘግታ ቆማ ቀረች። መኪናው ሞልቶ ሳለ ጋዙ ለምን ‹አልቋል› እንደተባለ አልገባትም ነበር። የገባት በሳምንቱ መጨረሻ እህቷ ቤት ምሳ ስትጋበዝ ነው።

ቤቱ ከመጠን በላይ ይሞቃል። መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፍኖ ይንጠባጠባል፤ ሰው ውጭ በካፖርት ሲንቀጠቀጥ የእህቷ ባል በካናቴራ ተቀምጦ ያልበዋል። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሩዝ፣ የሚያብረቀርቅ ስብ ያንሳፈፈ ሾርባ ቀርቧል። እሱ ሲበላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይልሳል፤ ከላሰ በኋላ በዚያው እጅ ለሰው ያነሳል። ደመና ሳህኗን በክንዷ ከለል አደረገችው።

«ብዪ እንጂ! የቤቱ ባለውለታ እኮ ነሽ!» አላት። ከዚያ ተነሥቶ ከጓዳ አንድ ባለ ጸጉር ካፖርት ይዞ መጣና ጭኗ ላይ ጣለው። ካፖርቱ የእንስሳና የሽቶ ጠረን አንድ ላይ ይሸታል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ያንቺ ድርሻ።»

«የምን ድርሻ?»

ሳቀ። አፉ ውስጥ ያለው ሩዝ ታየ። «አየሻት?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «የምን ድርሻ ትለኛለች! አንቺ ልጅ፣ አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ። ‹ሰሜኑ ድርቅ ሊል ነው› አልሽ፤ አላልሽም? እኔ ገና ምሳዬን ሳልበላ በየሱቁ ያለውን ጋዝ ልቅም አድርጌ መጋዘን ከተትኩት። ሰው ማታ ቴሌቪዥን ያያል፣ ጠዋት ጋዝ ፍለጋ ይወጣል። ሲወጣ ማን አለ? እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ሾርባው ተንቀጠቀጠ። «አምናም እንደዚሁ ነው። ሰዉ ይንጫጫል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ ይገዛል። ብርድ ክርክር አያውቅም።»

ደመና እህቷን አየቻት። እህቷ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ የወደቀ የሩዝ ፍሬ በጥፍሯ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም።

«እማዬ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ጠረጴዛውን ቆርጦ አነደደው» አለች ደመና። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ጎበዝ ሽማግሌ!» አለ። «ደረቅ እንጨት ከሆነ ከጋዝም ይሻላል።» ስንጥሩን አነሣና ጥርሱን ጎረጎረ። ያወጣትን የሥጋ ቁራጭ ስንጥሩ ጫፍ ላይ አድርጎ እንደ ዕንቁ አገላብጦ አያትና መልሶ በላት።

ደመና ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። የበላችውን ሁሉ አወጣችው። አፏን ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን ታጠበች፣ እጇን በሳሙና ፈተገች፤ አልበቃትምና ደገመች። እህቷ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«ምን ሆንሽ? ምነው፣ የደበቅሽን ነገር አለ እንዴ? አርግዘሽ ነው?»

«ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«አታድርቂኝ እትዬ። ታውቂ ነበር ወይ?»

እህቷ በሩን ዘጋችው። «ባሌ ነው። ‹ምን አለች?› ይለኛል፣ ያልሽውን እነግረዋለሁ። ምን ምስጢር አለው? ማታ ለአገር ሁሉ የሚነገር ነገር አይደለም እንዴ!»

«ማታ! ሱቅ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ!»

«አትጩሂ፣ ልጆቹ ይሰማሉ።» እህቷ ፎጣውን አነሣችና አጣጠፈችው፤ ፈታችና እንደገና አጣጠፈችው። «የእማዬን ጣሪያ ማን ያሠራው ይመስልሻል? የዓይኗን ሕክምና ማን የከፈለው ይመስልሻል? በደመወዝሽ መሰለሽ? ያኔ ለምን አልቀፈፈሽም?»

የቀፈፋት ሰውየው ብቻ አልነበረም። በራሷ አፍ ነው የተነገረው፤ በራሷ ስልክ፣ በዚያ «እማዬ ትሙቅ» በሚል ለስላሳ ድምፅ። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች። ውጭ ያለው ብርድ ፊቷን ሲገርፋት ደስ አላት፤ ቢያንስ ምንም አይሸትም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ብርድ መጣ። ይኸኛው ሰሜኑ ላይ አይቆምም፤ ወደ መካከለኛው ሜዳ ይወርዳል፣ በረዶ በፎቶ እንጂ በዓይኑ ወደማያውቅ ሕዝብ ነው የሚሄደው። ደመና ጠዋት ወረቀቱን ጽፋ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የእህቷ ባል ነው። ከዚያ ምሳ በኋላ ሚስቱ ከደመና ምንም ቃል እንደማታወጣ አውቆ ራሱ ደወለ።

«ተቀይመሻል አሉ» አላት። ድምፁ ማር ሆኗል። «አልፈርድብሽም። መናገር ከከበደሽ አትናገሪ። ዝም ብለሽ ብርድ ካለ አንዴ ጉሮሮሽን ጠረግ አድርጊ። ከሌለ ዝም በይ። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ አንቺም ምንም አላልሽም።»

እንደ ተንኮል ሆኖ በዚያች ቅጽበት ጉሮሮዋን በላት። ትንፋሿን ያዘች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በስልኩ ውስጥ የእሱ ትንፋሽ ይሰማታል፤ እርጥብ፣ የሚጠብቅ ትንፋሽ፣ ጆሮዋ ውስጥ የገባ እስኪመስላት ድረስ። ስልኩን ዘጋችና ያመቀችውን ሳል ለቀቀችው። ከዚያ ስልኩን በሶፍት ጠረገችው።

ፔርሙዝ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሲያያት ቆይቷል። ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ሁሉንም ነገረችው። ሻዩን ቀዳና አሰበ።

«ሙቀት ሊመጣ ነው በዪው» አላት። «መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዛሬውኑ በርካሽ ያራግፋል። ሰዉም ይሞቃል፣ እሱም ይከስራል፣ አንቺም አንጀትሽ ይርሳል።»

ደመና ሳቀች። ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን እስከ ግማሽ ነካችና ተወችው።

«አልችልም።»

«ለምን? ሌባ እኮ ነው!»

«እሱ ሌባ ይሁን። እኔ ዋሽቼ ትንበያ ሰጥቼ አላውቅም። አንዴ ለሱ ብዬ ከዋሸሁ፣ ሌላ ቀን ለሌላ ሰው ብዬ ነው። በዚያ ላይ እንደገና ላናግረው? ያ ትንፋሹ…» ፊቷን አጨማደደች።

«እንግዲያማ እውነቱን ለሁሉም ስጪያ» አለ ፔርሙዝ፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው።

ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባች። አሁኑኑ ይለቀቅ አለችው፤ የመካከለኛው ሜዳ ሰው ለብርድ ምንም ዝግጅት የለውም፣ ማታ ሰምቶ ምን ያደርጋል? ኃላፊው መቁረጫውን አወጣ።

«ውል አለን፣ እህቴ።» ቀጭ። «የስብሰባ አዳራሹን ወንበር ማን ገዛልን? እነሱ ናቸው።» ቀጭ። «ለአንድ ውሎ ብለን ሰው አናስቀይምም።»

«በዚህ አንድ ውሎ ጋዙን የሚለቅሙት ሰዎች አሉ።»

«ነጋዴ ነጋዴ ነው። እኛ ሳይንስ ነን» አለና ወረቀቷ ላይ የወደቀውን ጥፍር እፍ አለው። ስባሪው ወደ እሷ በረረ፤ ሹራቧ ላይ አረፈ።

ደመና ሹራቧን አየች። ወረቀቷን አነሣች፣ ወጣች፣ ትንበያ ክፍል ስትደርስ ሹራቧን አውልቃ መስኮት ላይ አራገፈችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የክፍለ ሀገር ሬዲዮ ጣቢያዎች ስልክ ቁጥሮች አየችና ከላይ ጀመረች።

«ማን ልበል?» አለ የመጀመሪያው ጣቢያ ሰው።

«ትንበያ ክፍል ነው። የሦስት ቀን ትንበያ ጻፍ።»

«ማታ በቴሌቪዥን አይደለም እንዴ የምትለቁት?»

«ዛሬ አሁን ነው። ጻፍ። ከነገ ጀምሮ በሰሜኑ ሜዳና በመካከለኛው ሜዳ ኃይለኛ ቅዝቃዜ ይገባል። በምሥራቁ ተራሮች ከባድ በረዶ ይጥላል፤ መተላለፊያዎቹ ይዘጋሉ። በምዕራብ ዝናብ ነው፣ እየዋለ ወደ በረዶ ይለወጣል። ደቡብ ጠረፍ ነፋሻማ ነው፣ ግን አይቀዘቅዝም። የመካከለኛው ሜዳ ነዋሪዎች ዛሬውኑ ማሞቂያ፣ ውሃና ምግብ ያዘጋጁ። ‹ዛሬውኑ› የምትለዋን ሁለት ጊዜ አንብባት።»

ፔርሙዝ ፔርሙዙን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ሁለተኛውን ስልክ ሳበ። ከታች ወደ ላይ መደወል ጀመረ፤ ብስኩት ጎርሶ ስለነበር ሰዎቹ ደጋግመው «ምን? ምን?» ይሉታል። መሐል ላይ ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። ሬዲዮዎቹ አነበቡት። የመካከለኛው ሜዳ ሰው ገና ፀሐይ እያለች ሱቅ ወጣ። አንድ ከንቲባ ትምህርት ቤቶቹን ለቤት አልባዎች አስከፈተ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው አስከፈቱ። ከደቡብ ጋዝ የጫኑ ባቡሮች ሐዲዱ ሳይዘጋ ገቡ። የእህቷ ባል ሬዲዮውን የሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ መኪኖቹን ሲያስነሣ ሌሎች ነጋዴዎችም አስነሥተው ነበር።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ እየጮኸ መጣ። ደመናን ከትንበያ ክፍል አስወጥቶ ምድር ቤት ወዳለው የተሰበሩ መሣሪያዎች መጋዘን ላካት። ፔርሙዝን ግን፣ «አንተን ዕድሜህ ጠበቀህ» ብሎ ተወው።

በዚያው ቀን ማታ ደመና ቤቷ ሆና ቴሌቪዥን ከፈተች። ኃላፊው ከረባት አስሮ፣ ጸጉሯ እንደ ኬክ ከተሠራው አቅራቢ ጎን ተቀምጧል። «መሥሪያ ቤታችን የሕዝቡን ደኅንነት በማስቀደም፣ በራሱ ተነሣሽነት ትንበያውን አስቀድሞ ለቋል» ይላል። አቅራቢዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታመሰግነዋለች። ደመና እስከ መጨረሻው አላየችውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእህቷ ባል ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ለአረጋውያን መጦሪያ ሲሊንደር ሲያበረክት። አንዲት አሮጊት ትከሻ ላይ ያንን ወፍራም እጁን ጥሏል። ብዙም አልከሰረም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይከስርም። ቴሌቪዥኑ ላይ ፊቱን በሚያሳየውና ጋዜጣው ላይ በሚያሳየው መካከል የቱ ይበልጥ እንደሚያቅለሸልሽ ደመና መምረጥ አቃታት።

የሚያጽናናት ወሬ የመጣው ከእናቷ ነው። እናቷ አልጋዋ ሥር ያሉትን ሲሊንደሮች አንድ ሳታስቀር ደጅ አስወጥታ ለሰልፈኛው አስረክባለች።

«በላያቸው ላይ መተኛት ከበደኝ» አለች። «ባለ ሱቋ ታርቃኛለች። ልብስ ሰፊው ግን እዚሁ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ሱሪ ይቆርጣል። ትናንት ሾርባዬ ውስጥ የሱሪ ቁልፍ አገኘሁ።»

«ጠረጴዛ እስኪያሠራ ታገሺው እማ።»

«ማን አልታገሠም? ሾርባውን እሱ ነው የሠራው፤ ጨው የለውም እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

ከዚያ ወዲህ የክፍለ ሀገር ሬዲዮዎች ለምደው ጠዋት ጠዋት እየደወሉ «የዛሬውስ?» ማለት ጀመሩ። ኃላፊው በቴሌቪዥን «በራሳችን ተነሣሽነት» ብሎ ስለ ነበር እንቢ ማለት አልቻለም። ትንበያው በጠዋት መውጣቱ በዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ። ፔርሙዝ ጡረታ ሲወጣ ኃላፊው ደመናን ከምድር ቤት መልሶ ጠራት፤ ወዷት ሳይሆን ሌላ የሚጽፍ ሰው አጥቶ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ ካርታዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት ሆነ።

እህቷ ለረጅም ጊዜ ዘጋቻት። በሚቀጥለው የብርድ ወራት ግን፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ደመና ወረቀቷን ገና እየጻፈች ሳለ ደወለች።

«የኔ ደመና» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅነታቸው ነበር፤ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው በሚያወሩበት ጊዜ እንደነበረው። «ናፈቅሽኝ።»

ደመና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔም ናፍቀሽኛል፣ እትዬ። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ትንሹ ጥርሱ ወለቀ። እና፣ እንዲያው… ነገ ወደ ተራራው ይዣቸው ልወጣ አስቤ ነበር። ይበርድ ይሆን?»

ደመና አፏን ከፈተች። ልትነግራት ነበር፤ ለልጆቹ ነው፣ ለእህቷ ነው። ያን ጊዜ ከእህቷ ድምፅ ጀርባ አንድ ነገር ሰማች፤ እርጥብ ትንፋሽ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቂያት» የሚል።

እጇ ላይ ያለው ስልክ ድንገት የሚያጣብቅ መሰላት።

«አሁን በሬዲዮ ይነበባል፣ እትዬ» አለች። «ክፈቱትና ሁለታችሁም ስሙ።»

ስልኩን ዘጋችና ወረቀቷን ጨርሳ ለሬዲዮዎቹ መደወል ጀመረች።